የአባቴን ጡረታ ባንኩ ሙልጭ አድርጎ ወሰደው፤ ሕጉ ይፈቅዳል?

የሞላሌዋ (ማክሰኞ ማታ)

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ? ከትናንት ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። የምታውቁ ካላችሁ ምከሩኝ ብዬ ነው የጻፍኩት።

እኔ ደብረ ብርሃን አስተምራለሁ። አባቴ ሞላሌ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በመንግሥት ሥራ አገልግሎ ጡረታ ወጥቷል። አበሉ በየወሩ በባንክ ሂሳቡ ይገባለታል፤ 4,300 ብር ናት። መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ ትንሽ ገብስና ባቄላ ያገኛል። ከዚያ ውጪ ምንም የለውም። ስኳር አለበት፤ የመድኃኒቱ ወጪ የሚሸፈነው ከዚያችው አበል ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት የአጎቴ ልጅ እዚህ ደብረ ብርሃን ብሎኬት ማምረቻ ልክፈት ብሎ ብድር ወሰደ። አባቴ ዋስ ሆኖ ፈረመለት። «የወንድሜን ልጅ እንዴት እምቢ እላለሁ» ነው ያለው። ሲሚንቶ ተወደደ፣ ሥራው ቆመ፣ ልጁም አገር ለቆ ሄደ። አሁን ስልኩ አይሠራም።

ትናንት አባቴ ጡረታውን ሊያወጣ ቅርንጫፉ ሄደ። ካውንተር ላይ ያለችው ልጅ ደጋግማ አየችና «አባባ፣ ያለዎት 25 ብር ብቻ ነው» አለችው። የዚህ ወር አበል የለም። ለክፉ ቀን ያስቀመጣት 11,600 ብርም የለችም። አንድ ወረቀት አልደረሰውም፤ የደወለለት ሰውም የለም። ማታ ደወለልኝና «ልጄ፣ እኔስ ሌባ የወሰደው መስሎኝ ነበር፤ ለካ ባንኩ ራሱ ነው» አለኝ።

ብድር መከፈል እንዳለበት አውቃለሁ። አባቴም አይክድም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ባንክ «ዕዳ አለብህ» ብሎ የሰውን ጡረታ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ማንሳት ይችላል? ገደብ የለውም? የባንኩን ስም እዚህ አልጠራም፤ የምፈልገው መፍትሔ ነው።

ባንክ ቤት 12 ዓመት

እህቴ አይዞሽ። እኔ ባንክ ውስጥ ነው የምሠራው፤ የእናንተ ባንክ ግን አይደለም። የውስጡን አሠራር ልንገርሽ፣ ከዚያ የሕጉን ጠበቆች ይጨምሩበት።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ባንክ ያስገባሽው ብር በሕግ ዓይን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የባንኩ ነው። አንቺ ያለሽ ያንኑ ያህል የመጠየቅ መብት ነው። ስለዚህ ባንኩ ያንቺ ባለዕዳ ነው ማለት ነው። አንቺ ደግሞ ከባንኩ ተበድረሽ ካልከፈልሽ ያንቺ ዕዳ አለ። ሁለቱን ዕዳ አገናኝቶ ማጣፋት በፍትሐ ብሔር ሕጉ «ማቻቻል» ይባላል። ከአንቀጽ 1831 ጀምሮ ታገኚዋለሽ። ባንክ ከሂሳብ ላይ ቆርጦ የሚወስደው በዚህ መንገድ ነው።

ከዚህ በላይ ደግሞ የብድር ውሉ ላይ «ባንኩ ከማንኛውም ሂሳቤ ላይ መቀነስ ይችላል» የምትል መስመር አለች። ሁሉም ይፈርማታል፤ የሚያነባት ጥቂት ነው።

የተበዳሪው ሂሳብ ከብድሩ ጋር የተያያዘ ከሆነ ሲስተሙ ራሱ ነው የሚቆርጠው። የመክፈያ ቀን ሲያልፍ ያገኘውን ያነሳል። ገንዘቡ ጡረታ ይሁን የበግ ሽያጭ ሲስተሙ አያውቅም። የዋስ ሂሳብ ግን እንዲህ በራሱ አይቆረጥም። አንድ ሰው አስቦበት፣ ደብዳቤ ጽፎ፣ ሌላ ሰው አጽድቆት ነው የሚሆነው። ስለዚህ በአባትሽ ጉዳይ ውስጥ ለውስጥ የተጻፈ ወረቀት መኖር አለበት። እሱን ጠይቂ።

እውነቱን ልናገር

ለአባትሽ አዝናለሁ። ግን ሌላውን ወገን የሚናገር ሰው ያስፈልጋል ብዬ ነው።

ባንኩ ያበደረው ብር የማነው? የእኔ ነው፣ የእናቴ ነው፣ ዕንቁላል ሸጣ ሃምሳ ሃምሳ ብር የምታስቀምጠው የእነዋሪዋ ሴትዮ ነው። ተበዳሪ ጠፋ፣ ዋስ አልከፍልም አለ ከተባለ የእኛ ብር የት ይገባል? ዋስ ማለት ከፋይ ማለት ነው። ሲፈርሙ ይሄ ይነገራል።

የሞላሌዋ

ልክ ነህ ወንድሜ። አባቴ አልከፍልም አላለም። በወር የሚችለውን ያህል ተቆራርጦ ቢወሰድበት ያምናል። ግን ስኳሩን በምን ይታከም? የዚህ ወር መድኃኒት እኔ ገዝቼ በሚኒባስ ላክሁለት። ልጅ የሌለውስ?

ጠበቃ ዘጠባሴ

እኔ እዚሁ ደብረ ብርሃን ጠበቃ ነኝ። በዚህ ዓይነት ጉዳይ ላይ ተከራክሬያለሁ፤ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

መጀመሪያ የወንድማችንን ሐሳብ አከብራለሁ። ዕዳ ይከፈላል። ሕጋችን ግን ከድሮም ጀምሮ ሌላም ነገር ይላል። ባለዕዳ ቢሆንም ሰው መብላት አለበት።

ማቻቻል የሚባለው መብት ሁኔታዎች አሉት። ሁለቱ ወገኖች አንዳቸው ለአንዳቸው ባለዕዳ መሆን አለባቸው። ሁለቱም ዕዳ መጠኑ የታወቀ መሆን አለበት። ሁለቱም ጊዜው የደረሰ መሆን አለበት። ይህ ሁሉ ቢሟላ እንኳ የማይቻቻሉ ዕዳዎችን ሕጉ ለይቶ አስቀምጧል፤ አንቀጽ 1833ን ተመልከቱ። ባለመብቱ በእጁ ሊቀበለው የሚገባ፣ ለእሱና ለቤተሰቡ ኑሮ ግድ የሆነ ቀለብና ደመወዝ የመሳሰለው ከማቻቻል ውጪ ነው።

ሁለተኛው ጡረታው ነው። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014፣ ለግል ድርጅት ሠራተኞች ደግሞ 1268/2014 አለ። የጡረታ አበል ለማንም አበዳሪ በዕዳ የሚያዝ ነገር አይደለም። በሩ የሚከፈተው ለጥቂት ነገር ነው፤ ለመንግሥት ቅጣትና ግብር፣ እንዲሁም ለቀለብ። እሱም በፍርድ ቤት ትእዛዝ። የብሎኬት ማምረቻ ብድር እዚያ ውስጥ የለም።

ሦስተኛው እኔ በጣም የምወደው ነው። የ1958 የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 404። ፍርድ ቤት ራሱ አከራክሮ፣ ፈርዶ፣ አፈጻጸም ላይ ደርሶ እንኳ የማይነካው ንብረት አለ። የሰውየው ልብስ፣ የማብሰያ ዕቃው፣ መኝታው። የሙያ መሣሪያው። ገበሬ ከሆነ ለኑሮው የሚያስፈልገው ከብትና ዘር። ለእሱና ለቤተሰቡ ለ3 ወር የሚበቃ ቀለብና ገንዘብ። ጡረታ። ከደመወዝ ደግሞ ሁለት ሦስተኛው።

እስቲ አስቡት። ዳኛ በችሎት ተቀምጦ ያልተፈቀደለትን የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ በቢሮው ተቀምጦ እንዴት ይፈቀድለታል?

ባንኩ የሚለውን ደግሞ አስቀድሜ ልንገርሽ እህቴ፤ ተዘጋጅተሽ ሂጂ። «ጡረታውን የሚከፍለው የጡረታ መሥሪያ ቤቱ ነው፤ እኛ ዘንድ ከገባ በኋላ ተራ ተቀማጭ ነው» ይላሉ። ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። እኔ የምመልሰው እንዲህ ብዬ ነው። መንግሥት አበሉን በባንክ በኩል የሚከፍለው ለአሠራር ስለሚቀል ነው። ጡረተኛው ገንዘቡን የሚያገኝበት ሌላ በር የለውም። በሩ ላይ የቆመ ሁሉ የሚቀማው ከሆነ አዋጁ የሰጠው ጥበቃ ለአንድ ቀንም አልሠራም ማለት ነው። ይህን ክርክር ለማሸነፍ ግን ማስረጃ ያስፈልጋል። የአንድ ዓመት ስቴትመንት አውጡ። ወደ ሂሳቡ የገባው ጡረታ ብቻ መሆኑ በየወሩ መስመር በመስመር ይታይ። በግ ሸጦ ያስገባው፣ ከልጅ የተላከለት ብር ከተቀላቀለበት ክርክሩ ይከብዳል።

አራተኛ፣ የዋስትና ውሉን ኮፒ ይዘሽ ነይ። ዋስትና በጽሑፍ መሆን አለበት፤ የሚዋስበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በቁጥር ካልተጻፈ ደግሞ ዋጋ የለውም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922። ሌላው፣ «የአንድነትና የነጠላ ዋስ» የምትል ቃል አለች ወይ? ካለች ባንኩ ተበዳሪውን ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ አባትሽ መምጣት ይችላል። ከሌለች አባትሽ «መጀመሪያ የተበዳሪውን ንብረት ፈልጉ» የማለት መብት አለው። የብሎኬት ማሽኑ የት ሄደ?

የደነባ ምስር

ጠበቃ፣ እግዜር ይስጥልን። እኔ እህል ነጋዴ ነኝ። አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ባንክ ያለ ብር እስከ 100 ሺህ በመንግሥት ተጠብቋል ሲባል ሰምቻለሁ። እንደዚያ ከሆነ ከ100 ሺህ በታች ያለውን ባንኩ እንዴት ይነካል?

ባንክ ቤት 12 ዓመት

ወንድሜ ይሄን ብዙ ሰው ያምታታዋል። የምትለው የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ነው። በ2013 በወጣው ደንብ ቁጥር 482 ነው የተቋቋመው። ባንኮች በየጊዜው አረቦን ይከፍሉበታል። አንድ ባንክ ቢወድቅ ለእያንዳንዱ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ከዚያ ፈንድ ይከፈለዋል።

ጥበቃው ባንኩ ሲወድቅ ነው። አንተ ራስህ ለባንኩ ዕዳ ካለብህ ያ መድን ሂሳብህን አይጋርድልህም። በአንድ ስም ሁለት የተለያየ ነገር ነው የምንጠራው። የጠበቃው «የተጠበቀ» ማለት በዕዳ የማይያዝ ማለት ነው።

ሽንኩርት አምራች ሸዋ ሮቢት

የእኔን ልናገር፤ ለሰው ይጠቅማል።

እኔ ለመስኖ ፓምፕ ተበድሬ ነበር። በ2014 ጦርነቱ እኛ ጋ ሲደርስ ሽንኩርቴ ማሳ ላይ ቀረ። ፓምፑም ተወሰደ። ዕዳው ግን ከነወለዱ አለ። በቀጣዩ ዓመት አንድ ነጋዴ የሽንኩርት ሂሳብ በባንክ አስገባልኝ። ጠዋት የገባ ከሰዓት በኋላ የለም። የሠራተኛ የቀን ሒሳብ ያልተከፈለበት ነበር። የዘር መግዣም ከዚያው ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄጄ አልጮህኩም። «ይሄን ሁሉ ከወሰዳችሁ ዘንድሮ አልዘራም፤ ካልዘራሁ የሚቀጥለውንም አታገኙም» አልኩት። ሁለት ሳምንት ተመላለስኩ። በመጨረሻ ብድሩን አራዘሙልኝ፤ ከወሰዱትም ግማሹን መለሱልኝ። በሕግ ይሁን በደግነት አላውቅም ነበር። ዛሬ ጠበቃው «ለገበሬ ከብትና ዘር» ሲል ሳነብ ነው የገባኝ። ያኔ ይሄን ባውቅ በልመና ሳይሆን በመብት እናገር ነበር።

አንድ ጥያቄ አለኝ። «የባለቤትህንም ሂሳብ እናያለን» ብለውኝ ነበር። አልነኩትም። ይችሉ ነበር?

ጠበቃ ዘጠባሴ

ወንድሜ እንኳን ለዚህ አበቃህ። ባለቤትህ ውሉን ካልፈረመች ባንኩ በራሱ እጅ ሂሳቧን መቁረጥ አይችልም። ማቻቻል በሁለት ሰዎች መካከል ነው። ባለዕዳው አንተ፣ አስቀማጯ እሷ ከሆናችሁ የሚቻቻል ነገር የለም። ገንዘቡ የጋራ ሀብት ነው የሚል ካለ ፍርድ ቤት ሄዶ ያስረዳ፤ እዚያ የሚታይ ነገር ነው። በልጅ ስም የተከፈተ ሂሳብም እንደዚሁ ነው። አባት ወይም እናት ስለሚፈርምበት የወላጅ አይሆንም።

የአንኮበሩ አዛውንት

ልጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? እኔ የእድር ሰብሳቢ ነኝ። ይሄን ስታወሩ ደነገጥሁ። የእድራችን ብር በእኔ ስም ነው ያለው። ሰው ስለሚያምነኝ «በአንተ ስም ይሁን» ብለው ነው። እኔም ባለፈው ዓመት ለቤት ማደሻ ትንሽ ብድር ወስጃለሁ። እየከፈልሁ ነው። ግን ብታመም፣ ሳልከፍል ብከርምስ? የሰው የቀብር ብር ይወሰድብኛል?

ባንክ ቤት 12 ዓመት

ጋሼ፣ በጣም ትክክለኛ ጥያቄ ነው የጠየቁት። አዎ፣ አደጋ አለው። የባንኩ ሲስተም የሚያየው የእርስዎን ስም ብቻ ነው። የእድር መሆኑን በኋላ ማስረዳት ይቻላል፤ ግን ሐዘን ቤት ድንኳን ተተክሎ ቆሞ ክርክር ውስጥ መግባት ነው።

ዛሬ ነገ ሳይሉ በእድሩ ስም ያስከፍቱ። ቃለ ጉባኤ፣ መተዳደሪያ ደንቡን፣ ከቀበሌ ወይም ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ይዘው ይሂዱ። ፈራሚ ሦስት ሰው ይሁን፤ ሁለቱ ሳይፈርሙ እንዳይወጣ ያድርጉት። ለዕቁብም ይሄው ነው። ብዙ ዕቁብ ሰብሳቢ የሰውን ብር በራሱ ሂሳብ ይዞ ነው የሚያድረው።

የአንኮበሩ አዛውንት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ። እሑድ ማኅበርተኛው ሲሰበሰብ አነሣዋለሁ።

እውነቱን ልናገር

ጠበቃ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ውሉ ላይ «ከማንኛውም ሂሳቤ ይወሰድ» ብሎ ፈርሟል እኮ። ውል ሕግ ነው አይደል? እኔ ደመወዝተኛ ነኝ፤ ከደመወዜ እንዲቆረጥ ፈርሜ ነው የተበደርኩት፤ በየወሩ ይቆረጣል፤ ቅሬታም የለኝም።

ጠበቃ ዘጠባሴ

ጥሩ ጥያቄ ነው። ውል በተዋዋዮች መካከል እንደ ሕግ ነው፣ አዎ። ግን ሕግ የከለከለውን ውል አይፈቅደውም። ያንተን ምሳሌ ውሰድ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከደመወዝ ስለሚቆረጥ ነገር ሲናገር ሠራተኛው በጽሑፍ ቢስማማ እንኳ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም ይላል። ስምምነትህ ይከበራል፤ ወለሉን ግን አይነካም። ሕግ አውጪው ሰው ሲቸግረው ምንም ላይ እንደሚፈርም ያውቃል።

ሌላም ልጨምር። ባንክ በመያዣ የያዘውን ቤት በራሱ በሐራጅ መሸጥ ይችላል፤ አዋጅ 97/1990 ይህን ትልቅ ሥልጣን ሰጥቶታል። ያም ሆኖ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ግዴታው ነው። ለቤት 30 ቀን ከተሰጠ፣ ለአንድ ሽማግሌ የወር ቀለብ አንዲት የስልክ ጥሪ እንኳ የማትሰጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ደግሞ ሁላችሁም ይህን ለዩ። ሂሳብ የሚታገድበት ሌላም መንገድ አለ፤ የፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ወይም በታክስ አስተዳደር አዋጅ 983/2008 የገቢዎች ትእዛዝ። ያኔ ባንኩ ትእዛዝ ፈጻሚ ነው፤ እሱን መውቀስ አይገባም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ «ማን አዘዘ? ደብዳቤውን አሳዩኝ» ነው።

የሞላሌዋ (ሐሙስ)

ውሉን አገኘሁት። እናቴ ከመጽሐፍ ቅዱሱ ጋር አስቀምጣው ነበር፤ ፎቶ አንስተው ላኩልኝ።

አባቴ የፈረመው ሁለት ገጽ የዋስትና ውል ነው። የገንዘቡ መጠን ተጽፏል፤ «የአንድነትና የነጠላ ዋስ» የሚለውም አለ። ስለዚህ እዚያ ላይ መከራከሪያ የለኝም። ግን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ስለ ሂሳብ አንድ ቃል የለውም። «ከማንኛውም ሂሳቤ ይወሰድ» የሚለው ያለው በዋናው የብድር ውል ላይ ነው። እሱን የፈረመው የአጎቴ ልጅ ብቻ ነው።

ጠበቃ ዘጠባሴ

እሰይ። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። እንግዲህ ባንኩ በውል የተሰጠው ፈቃድ የለውም ማለት ነው። የቀረው ሕጉ የሚሰጠው ማቻቻል ብቻ ነው። በሕጉ ከመጣ ደግሞ ከነገደቡ ነው የሚመጣው፤ ለኑሮ ግድ የሆነውን አይነካም።

የጡረታውንና የቁጠባውን ነገር ለያይተሽ ጻፊ። የዚህ ወር 4,300 ብር ጡረታ ስለመሆኑ ጥያቄ የለውም። 11,600ውም ከጡረታ የተቆጠበ ነው፣ የ3 ወር ቀለብ ነው ብለሽ ተከራከሪ፤ እሱ ላይ ግን እነሱም የሚሉት ይኖራቸዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ካደረግሽው ጠንካራው በደካማው ይጎተታል።

ደብዳቤውን አባትሽ ይፈርም፤ አንቺ አይደለሽም። በሁለት ኮፒ ይሁን፤ አንዱ ላይ የገቢ ማኅተምና ቀን አስደርጊ። ያለ ማኅተም «አልደረሰንም» ይባላል። ብሔራዊ ባንክ የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ አለው። ቅሬታ መጀመሪያ ለባንኩ ነው የሚቀርበው፤ ባንኩ ካልፈታው ወደ ብሔራዊ ባንክ ይሄዳል። ይህን ደብዳቤው መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ጥቀሺው። ማስፈራሪያ አታድርጊው።

ሽንኩርት አምራች ሸዋ ሮቢት

እህቴ፣ ከኔ አንድ ነገር ስሚ። አባትሽን ይዘሽው ሂጂ። ወረቀት ብቻ አትላኪ። ሰው ፊት ሲያይ ልቡ ይራራል።

የሞላሌዋ (ከዘጠኝ ቀን በኋላ)

የተከታተላችሁኝ ሁሉ አመሰግናለሁ፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

ቅዳሜ ሞላሌ ወጣሁ። ደብዳቤውን እዚያው ጻፍነው፤ አባቴ በመነጽሩ እያነበበ ሁለት ቦታ አስተካከለኝ። «ግፍ ተፈጸመብኝ» የሚለውን «አውጪው፣ የሆነውን ብቻ ጻፊ» አለኝ። ሰኞ ጠዋት አብረን ገባን። ሥራ አስኪያጁ ወጣት ልጅ ነው፤ ተነሥቶ ወንበር ሰጠው። የዋስትና ውሉን ስናሳየው ዝም ብሎ ደጋግሞ አነበበው። «ዲስትሪክት ልጠይቅ» አለ። ማኅተሙን ግን ያኔውኑ መታልን።

ትናንት ተደወለ። 4,300ው ተመልሷል። አባቴ ወዲያው ሄዶ አወጣት። 11,600ው ገና ነው፤ «ለሕግ ክፍል ተልኳል» ተብለናል። ዕዳውን በተመለከተ አባቴ ራሱ ሐሳብ አቀረበ። የባቄላው ምርት ሲገባ በየዓመቱ የተወሰነ ሊከፍል፣ ከጡረታው ግን እንዳይነካ። በጽሑፍ አስገብተናል።

የብሎኬት ማሽኑም ተገኘ። ልጁ ተከራይቶት የነበረው ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሟል። የግቢው ባለቤት የኪራይ አለኝ ብለው ይዘውታል። ጠበቃ፣ በዚህ ላይ ነገ ቢሮዎ ልምጣ?

ጠበቃ ዘጠባሴ

ነይ። ከአራት ሰዓት በኋላ አለሁ። የማሽኑ ደረሰኝ ካለ ያዢ፤ ከሌለ ፎቶውን፣ የመለያ ቁጥሩ እንዲታይ አድርገሽ።